«የላም በረት» አንልም! የጀብዱዎች ደረጃ፣ ከራስ እስከ ጅራት

ደረጃ ማውጣት የማይወድ ሰው የለም። ከክትፎ ቤት እስከ ኳስ አጥቂ፣ ሦስት ሰው ቡና ላይ ከተቀመጠ «አንደኛው ማነው?» መባባሉ አይቀርም። የ«ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ተጫዋቾች ደግሞ በዚህ ሱስ ከሁላችንም ይብሳሉ። በ2004 (ከዚህ በኋላም ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) «ዳንጀን» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት እስከዚያ ዘመን ከታተሙት ጀብዱዎች 30 ምርጦችን መርጦ ደረደረ። አንደኛ «የሸረሪቶች ንግሥት»፣ ሁለተኛ «ሬቨንሎፍት»፣ ሦስተኛ «ቱም ኦፍ ሆረርስ»። ከዚያ ወዲህ የሚወጡት ደረጃዎችም በአብዛኛው እነዚያኑ ስሞች ከፍ ዝቅ ሲያደርጉ ይታያሉ።

እኔ ከነዚህ ደረጃዎች ጋር ጠብ አለኝ። ጠቤ ከስሞቹ ጋር ሳይሆን ከመለኪያው ጋር ነው፤ እንዲያውም መለኪያ ከማጣታቸው ጋር። ዝናው፣ የልጅነት ትዝታው፣ የሽፋኑ ሥዕል፣ የደራሲው ስም፣ ሁሉም አንድ ድስት ውስጥ ይገባና «ምርጥ» ተብሎ ይወጣል። ዛሬ አንድ መለኪያ ብቻ ይዤ አሥር ታዋቂ ጀብዱዎችን እንደገና ልደረድር ነው። የሚናደድ ይናደድ።

በቅድሚያ ነገሩን ለማያውቀው ወዳጃችን። ይህ ጨዋታ በ1974 አሜሪካ ውስጥ በጋሪ ጋይጋክስና በዴቭ አርነሰን የወጣ ነው። እንደ ዳማ ገበታ የለውም፣ እንደ ካርታ አሸናፊ የለውም። አምስት ስድስት ሰው ጠረጴዛ ይከባል። አንዱ መሪ ይሆናል፤ ዓለሙን እሱ ይገልጻል፣ ጭራቆቹንም ባለ መጠጥ ቤቱንም እሱ ይሆናል። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ አንዷ ጠንቋይ፣ አንዱ ባለ ጎራዴ፣ አንዱ ሌባ። መሪው «ከፊታችሁ የተዘጋ የብረት በር አለ፤ ከበስተጀርባው ሳቅ ይሰማል። ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። እነሱ ይመልሳሉ። ውጤቱ አጠራጣሪ ሲሆን ባለ 20 ገጹ ዳይስ ይጣላል። በቃ፣ ጨዋታው ይኸው ነው።

መሪው ዓለሙን ከራሱ ሊፈጥር ይችላል። ጊዜ ከሌለው ደግሞ የታተመ ጀብዱ ይገዛል፦ የዋሻ ካርታ፣ የነዋሪዎች ዝርዝር፣ ወጥመድ፣ ሀብት፣ የመንደር ወሬ። ደረጃ የምናወጣው ለእነዚህ መጻሕፍት ነው።

መለኪያዬ ይኸውላችሁ። «ምን ታደርጋላችሁ?» ተብሎ ከተጠየቀ በኋላ፣ መልሱ የሚለውጠው ነገር አለ ወይስ የለም?

ነገሩን በእኛው ልማድ ላስረዳ። ማታ ማታ ልጅ ሆነን ሁለት ነገር እንሰማ ነበር። አንዱ ተረት ነው። አያት «ተረት ተረት» ትላለች፣ እኛ «የላም በረት» እንላለን፣ ከዚያ ዝም። ጅቡ አህያዋን ሊበላት ሲል «ቆይ አያቴ፣ አህያዋ በዚያ በኩል ታምልጥ» የሚል ልጅ የለም። ካለም ይቆነጠጣል። ሁለተኛው እንቆቅልሽ ነው። «እንቆቅልህ» «ምን አውቅልህ»። እዚህ አፋችንን እንከፍታለን፤ ግን መልሱ አንድ ነው፣ ያለውም በጠያቂው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ቀን ቀን ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነበረን፤ ጨዋታ። ድብብቆሽ ማን እንደሚያዝ፣ ኳሱ በማን በር እንደሚገባ ማንም ቀድሞ አያውቅም።

ተረትም እንቆቅልሽም የተባረኩ ናቸው። ችግሩ ጨዋታ ነው ተብሎ ተከፍሎበት፣ ሲከፈት ተረት ሆኖ ሲገኝ ነው። አምስት አዋቂ ሰው ቅዳሜ ከሰዓት ለአራት ሰዓት አንድ ቤት ማሰባሰብ በዚህ ከተማ ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቃላችሁ። አንዱ ከሥራ፣ አንዱ ከለቅሶ ቤት፣ አንዷ ከታክሲ ሰልፍ አምልጠው ይመጣሉ። ያንን ሁሉ አልፈው መጥተው አራት ሰዓት «የላም በረት» ካሉ በሚቀጥለው ቅዳሜ አይመጡም። የጀብዱው ምርጫ ዋጋው ይኼ ነው።

እንግዲህ ወደ ደረጃው።

1ኛ. «ዘ ኪፕ ኦን ዘ ቦርደርላንድስ» (የጠረፉ ምሽግ፣ 1979)

ጋይጋክስ ለጀማሪዎች ብሎ የጻፈው ቀጭን ጥራዝ ነው። ከጀማሪዎች ሣጥን ጋር አብሮ ይሸጥ ስለነበር ብዙ ሰው ጨዋታውን የተዋወቀው በእሱ ነው። ባዶና ያረጀ ነው የሚሉት አሉ። እኔ ደግሞ አንደኛ አስቀምጬዋለሁ።

ምን አለው? በአንድ በኩል ምሽግ፣ በሌላ በኩል ገደል። በገደሉ ግራና ቀኝ ዋሻዎች ተከፍተዋል፤ ኮቦልዶች በአንዱ፣ ጎብሊኖች በሌላው፣ ኦርኮች በሌላው ይኖራሉ። ከየትኛው መጀመር እንዳለባችሁ የሚያዝዝ የለም። እነዚህ ነገዶች እርስ በርስ አይዋደዱም፤ መጽሐፉም ይህን ለመሪው ይነግረዋል። ኦገር የተባለ ግዙፍ ጎረቤት ደግሞ አለ፤ ጎብሊኖቹ ሲጠቁ የወርቅ ከረጢት ይወረውሩለትና ይዋጋላቸዋል። ሌላ ወገን ከከፈለውም ይሠራል። እዚህ ላይ ተጫዋች ጭንቅላቱ መሥራት ይጀምራል። «ለምን እንዋጋለን? ለምን እኛ አንከፍለውም?» መጽሐፉ ይህን ዕቅድ አላቀደላችሁም፤ ግን ቦታ ትቶላችኋል።

ሌላም አለ። መጽሐፉ በዋሻዎቹ ውስጥ ሴቶችና ልጆች እንዳሉም ቆጥሮ ይነግራችኋል። ምን እንደምታደርጓቸው ግን አይነግራችሁም። ይህችን አንድ ጥያቄ ይዞ አንድ ጠረጴዛ ለሁለት ተከፍሎ ሲከራከር ማምሸት ይችላል፤ የሚያስታርቅ ደራሲም የለም። የምሽጉ ሰዎች ስም እንኳ የላቸውም፦ ሻለቃው፣ ቄሱ፣ ባለ መጠጥ ቤቱ ብቻ። ስንፍና ነው ይሉታል። እኔ ግን ለመሪው የተተወ ወንበር ነው እላለሁ።

2ኛ. «ካቨርንስ ኦፍ ትሬሺያ» (የትሬሺያ ዋሻዎች፣ 1979)

የጄኔል ጃኩዌይስ ሥራ ነው፤ ያሳተመውም ጀጅስ ጊልድ የተባለ ትንሽ አሳታሚ ነው። ከጥንት ግሪክ ሽታ ጋር የተሠራ ፍርስራሽ ነው፤ የሞት አምላኪዎች፣ ግማሽ ሰው ግማሽ አውሬዎች፣ ከሥሩ ደግሞ ያረጀ ምስጢር።

የዚህ ጀብዱ ሊቅነት ካርታው ላይ ነው። መግቢያው ብዙ፣ ደረጃው ብዙ፤ ከላይኛው ክፍል ወደ ሦስተኛው ምድር ቤት በአንድ ጉድጓድ መውረድ ይቻላል፤ የዞረ መንገድ ተመልሶ ከኋላ ያመጣችኋል። ብዙዎቹ ዋሻዎች በአንድ ክር ላይ የተሰኩ ጨሌዎች ናቸው፤ ከመጀመሪያው ክፍል ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው። በዚያ ዓይነት ዋሻ ውስጥ «በግራ እንሂድ» ማለት ትርጉም የለውም። በትሬሺያ ግን አለው። ጭራቁን መግጠም ካልፈለጋችሁ ትዞሩታላችሁ፤ ስትዞሩት ደግሞ ሌላ ነገር ታገኛላችሁ። ጃኩዌይስ በ2024 ዓለምን ስትሰናበት በስሟ ግስ ተሠርቶላት ነበር፤ ዋሻን እንደ እሷ አድርጎ መቀየስ በተጫዋቾች ዘንድ በስሟ ይጠራል። ሐውልት ከሚቆምለት ሰው ግስ የሆነ ሰው ይበልጣል።

ለምን አንደኛ አልሆነም? ለጀማሪ መሪ ይከብዳል። ያን ሁሉ ደረጃና ጉድጓድ በጭንቅላት ይዞ መምራት ቀላል አይደለም።

3ኛ. የግዙፎቹና የድራው ተከታታይ (1978)

የመጽሔቱ አንደኛ ይኸኛው ነው፤ በ1986 «የሸረሪቶች ንግሥት» በሚል ተጠርዞ ወጣ። መጀመሪያ ሦስት የግዙፎች ምሽጎች፣ ከዚያ ወደ ምድር ሆድ ጉዞ፣ ከዚያ ድራው የሚባሉት ጥቁር ኤልፎች ከተማ፣ በመጨረሻ የሸረሪቷ አምላክ ቤት።

የመጀመሪያው ምሽግ ግሩም ነው። ግዙፎቹ ግብር ላይ ናቸው፤ አዳራሹ ሞልቷል፣ ጠጅ ይቀዳል። ፊት ለፊት ገብቶ የሚዋጋ ቡድን በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ስለዚህ በጓሮ መግባት፣ መሰለል፣ መዋሸት ይመጣል። ከሥር ደግሞ በጌቶቻቸው ላይ ያመፁ ባሪያ ኦርኮች አሉ። ወዳጅ ታደርጓቸዋላችሁ ወይስ አታደርጓቸውም? የእናንተ ጉዳይ ነው። የድራው ከተማም እንዲሁ ነው፤ የሚጣሉ ታላላቅ ቤቶች አሉ፣ አንዱን በሌላው ላይ ማነሣሣት ይቻላል።

ዘውዱን ያጣው በመጨረሻው ክፍል ነው። በ1980 የወጣው የሸረሪቷ ቤት በእንፋሎት የሚሄድ የብረት ሸረሪት ውስጥ ገብቶ ክፍል በክፍል ጭራቅ መግደል ሆነ። ያን ያህል ሤራ ከተሤረ በኋላ መጨረሻው ፋብሪካ መጎብኘት መሆኑ ያሳዝናል።

4ኛ. «ሬቨንሎፍት» (1983)

ትሬሲና ሎራ ሂክማን፣ ባልና ሚስት፣ የጻፉት ነው። ስትራድ የተባለ መስፍን የወንድሙን እጮኛ ወደደ፤ በሠርጉ ቀን ወንድሙን ገደለ፤ ደም መጣጭ ሆኖም ለዘላለም ቀረ። እናንተ አገሩ ትገባላችሁ፤ ጭጋጉ ይዘጋባችኋል።

ከዚህ ሁሉ የሚያስደንቀው የካርታዋ ጠንቋይ ነች። ጨዋታው ሲጀመር ካርታ ትጥልላችኋለች፤ ስትራድን የምትገድሉበት መሣሪያ የት እንደተደበቀ፣ ስትራድ ራሱ ምን እንደሚፈልግ የሚወሰነው በዚያ ካርታ ነው። ስለዚህ መሪው እንኳ ካርታው እስኪጣል አያውቅም። ሁለት ጠረጴዛ አንድ ዓይነት «ሬቨንሎፍት» አይጫወትም። ስትራድም በመጨረሻው ክፍል ተገትሮ የሚጠብቅ ጭራቅ አይደለም፤ ይመጣል፣ ያናግራል፣ ያታልላል፣ ይሸሻል።

ታዲያ ለምን አራተኛ? አንደኛ፣ ጭጋጉ ግድግዳ ነው፤ «እንመለስ» የሚለው ምርጫ ከመጀመሪያው ተነጥቋል። ሁለተኛ፣ የካርታዋ ጠንቋይ ወገኖች የአውሮፓን ሮማዎች በሌብነትና በጥንቆላ የሚስሉበት ያረጀ ሥዕል ቅጂ ናቸው። አሳታሚው ራሱ በ2020 ይህን አምኖ በ2016 እንደገና የወጣውን ቅጂ ለማስተካከል ተገድዷል።

5ኛ. «ሎስት ማይን ኦፍ ፋንዴልቨር» (የጠፋው የፋንዴልቨር ማዕድን፣ 2014)

ከአዲሶቹ ውስጥ ለጀማሪ አንድ ብቻ ምረጥልኝ ብትሉኝ ይህን እሰጣችኋለሁ። አጀማመሩ በሐዲድ ነው፤ ጋሪ እየነዳችሁ ጎብሊኖች ያደፍጡባችኋል፣ ሌላ መንገድ የለም። ይሁን፣ ለመጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ይፈቀዳል። ልጅም መራመድ የሚጀምረው እጁ ተይዞ ነው። ዋናው ነገር በኋላ እጁ መለቀቁ ነው፤ ፋንዳሊን የተባለችው ትንሽ ከተማ ስትደርሱ ይለቀቃል። አንዱ ስለ ወሮበሎች ያማርራል፣ ሌላዋ ስለ ጠፋ ሰው ትጠይቃለች፣ ሌላው ስለ ፍርስራሽ መንደር ያወራል። የቱን እንደምታስቀድሙ እናንተ ታውቃላችሁ። በፍርስራሹ መንደር ከአቅማችሁ በላይ የሆነ ዘንዶ አለ፤ መሸሽም መልስ መሆኑን ጀማሪ የሚማረው እዚያ ነው።

6ኛ. «ቱም ኦፍ አናይሌሽን» (የጥፋት መቃብር፣ 2017)

ይኸኛው የእኛንም አህጉር ይነካል። ቹልት የተባለችው ምድር ለአፍሪካ የተሰጠች የምናብ ስም ነች፤ ጫካ፣ ዳይኖሰር፣ የነጋዴ መሳፍንት ከተማ። ከተማዋ ደስ ትላለች፤ የዳይኖሰር እሽቅድምድም ሳይቀር አላት። ግን መጽሐፉ እንደወጣ ብዙ ጥቁር ተጫዋቾች አንድ ቅሬታ አነሡ፤ ስንት ሕዝብና ስንት ባህል ያለበት አህጉር አንድ ጫካ ሆኗል።

ልማዱ የቆየ ነው። የሮማው ፕሊኒ በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዓይኑ የሚገድል፣ ራሱን ወደ መሬት የደፋ ካቶብሌፓስ የሚባል አውሬ በምዕራብ ኢትዮጵያ አለ ብሎ ጻፈ። (የእሱ «ኢትዮጵያ» የዛሬዋ አገራችን አይደለችም፤ የጥቁር ሰው ምድር ለማለት ነው።) ያ አውሬ በ1977 በጋይጋክስ የጭራቆች መጽሐፍ ውስጥ ገባ። አውሬው ተወሰደ፣ ሰዉ ቀረ። በ2022 የታተመው «ራዲያንት ሲታደል» ይህን ለመካስ የሞከረ ነው፤ ከተለያየ ባህል የመጡ ጸሐፊዎች ከየራሳቸው ወግ የቀዱትን 13 አጫጭር ጀብዱዎች ጻፉበት።

ወደ መለኪያችን እንመለስ። «የጥፋት መቃብር» ትልቅ ያልታወቀ ካርታ ይሰጥና «እንደፈለጋችሁ አስሱ» ይላል። ወዲያው ደግሞ የሞት እርግማን ወርዷልና ከሞት የተነሡ ሁሉ በየቀኑ እየመነመኑ ነው፣ ፍጠኑ ይላል። ምን ማለት ነው? እንግዳን «ቤቱ ቤትህ ነው» ብሎ ኮቱን እንደማቀበል ነው። ግማሹ ጨዋታ፣ ግማሹ ሐዲድ፤ ስድስተኛ።

7ኛ. «ቱም ኦፍ ሆረርስ» (የሰቀቀን መቃብር፣ 1978)

አሁን ወዳጆች የምናጣበት ቦታ ደርሰናል። የመጽሔቱ ሦስተኛ፣ የእኔ ሰባተኛ።

ጋይጋክስ ይህን መቃብር በ1975 ለውድድር አዘጋጅቶ በ1978 አሳተመው። ዓላማው ግልጽ ነበር፤ «እኔን የሚችለኝ የለም» የሚሉ ተጫዋቾችን ልክ ማስገባት። ሐሰተኛ መግቢያ አለ፣ ገብተህ ታልቃለህ። አፉን የከፈተ አረንጓዴ የሰይጣን ፊት አለ፣ በአፉ የገባ ሁሉ ይጠፋል፤ ዳይስ የለም፣ ይግባኝ የለም።

አድናቂዎቹ «ተጫዋችን እንዲያስብ ያደርጋል» ይላሉ። ልክ ነው፣ ያስባል። ስለ ምን ግን? ጋይጋክስ ምን አስቦ ይሆን ብሎ። ይህ እንቆቅልሽ ነው። የእኛ እንቆቅልሽ ግን ከዚህ ይሻላል፤ መልሱ ካቃተህ «አገር ስጠኝ» ይሉሃል፣ ጎንደርን ወይም ሐረርን ሰጥተህ ትገላገላለህ፣ ቀጣዩን ትጠየቃለህ። በዚህ መቃብር አገር አይሰጥም። ለሁለት ዓመት ያሳደግከው ገጸ ባሕርይ አንድ አፍ ውስጥ እጁን ስለከተተ ይጠፋል። ለውድድር መድረክ ድንቅ ሥራ ነው፤ በዚያ አልከራከርም። አዲስ ቡድን «ሦስተኛ ምርጥ» ተብሎ ሰምቶ በዚህ ሲጀምር ግን ሐኪም ያላዘዘውን መድኃኒት እንደመዋጥ ነው።

8ኛ. «ሆርድ ኦፍ ዘ ድራገን ክዊን» (የዘንዶዋ ንግሥት ሀብት፣ 2014)

ከፋንዴልቨር ጋር በአንድ ዓመት የወጣ ነው። ከተማ ይቃጠላል፣ ከሰማይ ዘንዶ ይዞራል፣ እናንተ ደግሞ ጀማሪዎች ናችሁ። ጤነኛ ሰው ይሸሻል። መጽሐፉ ግን ካልገባችሁ የሚቀጥልበት ነገር የለውም። ገባችሁ እንበል። የጠላት ጦር ጀግና ይመጣና «አንድ ለአንድ ይውጣልኝ» ይላል፤ የሚወጣው ተጫዋች እንዲሸነፍ ተብሎ የተዘጋጀ ፍልሚያ ነው። ከዚያ ለሳምንታት ከነጋዴ ቅፍለት ጋር ጉዞ አለ፤ ጠላቶቻችሁ በዚያው ቅፍለት ውስጥ ናቸው፣ ግን ብትነኳቸው ታሪኩ ይበላሻል። ስለዚህ አብራችሁ ምሳ እየበላችሁ ትሄዳላችሁ። ሽንፈት ቢሆን ሽንፈታችን ነው ብለን እንቀበል ነበር፤ ይኼ ግን የታዘዘ ሽንፈት ነው።

9ኛ. «ድራገንላንስ» (1984 – 1986)

በዚህ ደረጃ ውስጥ ከሁሉም ጠንካራ ጠበቃ ያለው ይህ ተከታታይ ነው፤ ስለዚህ ጠበቃውን እንስማው። ጠበቃው እንዲህ ይላል። ከ«ድራገንላንስ» በፊት ጨዋታው ዋሻ ገብቶ መዝረፍ ነበር። ትሬሲ ሂክማንና ባልደረቦቹ ፍቅርን፣ ጦርነትን፣ እምነትንና ክህደትን አመጡበት። ማርጋሬት ዋይስና ሂክማን በተጓዳኝ የጻፉት ልብ ወለድም በዓለም ተነበበ። መሪም ሰው ነው፣ ሥራ ውሎ የሚመጣ ሰው፤ የተዘጋጀ ታሪክ ቢሰጡት ምን ነውር አለው?

ጥሩ ክርክር ነው፤ ግማሹንም እቀበላለሁ። ልብ ወለዱን አንብቡት። ግን ታሪክ ያለው ጀብዱ አንድ ነገር ነው፤ ታሪኩ ያለቀ ጀብዱ ሌላ ነገር ነው። «ሬቨንሎፍት»ን የጻፈው ይኸው ሂክማን ነው፤ እዚያ ፍቅርም ክህደትም አለ፣ መጨረሻው ግን አልተጻፈም። በ«ድራገንላንስ» ገጸ ባሕርያቱ ተዘጋጅተው ይሰጡሃል፤ ስማቸው፣ ጠባያቸው፣ ማን ማንን እንደሚወድ። በሌላ በኩል ብትሄድ የጠላት ሠራዊት ወደ ታሪኩ ይመልስሃል። ለታሪኩ የሚያስፈልግ ሰው ቢሞት ደግሞ መጽሐፉ ለመሪው መላ ያስተምረዋል፤ ሬሳው እንዳይገኝ አድርገው፣ በኋላ ይመለሳል። ልብ በሉ! ሞት እንኳ ያንተ አይደለም።

ይህን የሚመስል ነገር ሁላችንም እናውቃለን። ስብሰባ ትጠራለህ፣ «ሐሳብ ስጡ» ትባላለህ፣ እጅህን አውጥተህ ትናገራለህ፣ ይጻፍልሃል። ከዚያ የአቋም መግለጫው ይነበባል፤ ወረቀቱ ትናንት ማታ የታተመ ነው። ማንም አልዋሸህም፣ ምሳም በልተሃል። ግን ለምን እንደመጣህ ለራስህ መመለስ ያቅትሃል።

10ኛ. የ«አቫታር» ሦስትዮሽ (1989)

መጨረሻ። ውራ። በብዙዎች ደረጃ ውራ የሚወጣው «ዘ ፎረስት ኦራክል» የተባለው የ1984 ጀብዱ ነው፤ ለተጫዋቾች ጮክ ተብሎ እንዲነበብ የተጻፈው ጽሑፍ አቅጣጫው የጠፋበት ስለሆነ ይሳቅበታል። እኔ ግን እዘንለታለሁ። መጥፎ ዓረፍተ ነገርን መሪው በራሱ ቃል ይተካዋል፣ ነገሩ ያልቃል። የተወሰደ ምርጫን ግን በምን ይተካዋል?

«ሻዶውዴል»፣ «ታንትራስ»ና «ዋተርዲፕ» የተባሉት ሦስቱ ጀብዱዎች ልብ ወለዶቹን ተከትለው የወጡ ናቸው። አማልክት ከሰማይ ተባርረው በምድር ይመላለሳሉ፤ ከዚህ በላይ የሚያጓጓ መነሻ ከየት ይመጣል? ሆኖም ጀግኖቹ እናንተ አይደላችሁም። ጀግኖቹ የልብ ወለዱ ሰዎች ናቸው። እናንተ ታጅባላችሁ። እነሱ ይከራከራሉ፣ እናንተ ትሰማላችሁ። አማልክት ሲፋለሙ እናንተ ታያላችሁ። በመጨረሻም የመለኮት ዙፋን ባዶ ሆኖ ሲገኝ የሚቀመጡበት እነሚድናይትና ሳይሪክ ናቸው፤ ውጤቱ በልብ ወለዱ ታትሞ ተሸጧልና ሌላ ሊሆን አይችልም። ይህን ጀብዱ የሚጫወት ሰው የሠርግ ቪዲዮ ውስጥ ከበስተኋላ እንደሚያጨበጭብ እንግዳ ነው። ተጋብዟል፣ ለብሷል፣ ግን ሠርጉ የእሱ አይደለም።

ደረጃው ይኸው ነው። አሁን ሁለት ነገር ልበልና ልጨርስ።

አንደኛ፣ ከታች ያሉትን መጻሕፍት አቃጥሉ አላልኩም። ካርታቸውን፣ መንደራቸውን፣ ጠላታቸውን ውሰዱ፤ «ከዚያ እንዲህ ይሆናል» የሚለውን ገጽ ብቻ ዝለሉት። የ«ድራገንላንስ» ዘንዶዎች ያለ «ድራገንላንስ» መጨረሻ በጣም ጥሩ ዘንዶዎች ናቸው። ዙፋኑንም ባዶ ተዉት፣ ማን እንደሚቀመጥበት ጠረጴዛው ይወስን።

ሁለተኛው ለመሪዎች ነው። ጥሩ ጀብዱ ስትገዙ የምትገዙት ታሪክ አይደለም፤ ቦታ ነው፣ በቦታው ላይ የሚኖሩ የየራሳቸው ፍላጎት ያላቸው ሰዎች ናቸው። ታሪኩ ከዚያ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም እናንተ ካሰባችሁት ይሻላል። የእናንተ ሥራ «ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ከጠየቃችሁ በኋላ ደግሞ ከባዱን ነገር አድርጉ፤ ዝም በሉ። አምስት ሰው ከታክሲ ሰልፍ አምልጦ የመጣው መልስ ሊሰጥ ነው።

የማይስማማ ካለ የራሱን መለኪያና የራሱን ደረጃ ይዞ ይምጣ። ቡናው ከእኔ ነው።

ቸር ይግጠመን።